አንቺ ዳኛ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2001

የዘጠነኛ ሐን ድርሰት ሳርም ዋልኩ። አርባ ስምንት ወረቀት። «እናቴ ከገበያ መጣ»… «ወንድሜ ታመመች»… ቀይ እስክሪብቶዬ አለቀ። ቦንጋ ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ፤ ይችኑ የወንድና የሴት ስሕተት ሳርም ስንት እስክሪብቶ ጨረስኩ?

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀመረ። ሽሮ ጥጄ ወረቀቱ ላይ ስፈዝ አረረ። ከላይ ከላዩን በላሁ።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ከሚል መጡ፤ ባለ ጨርቅ ሱቁ፣ አከራዬ። ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ።

«ቲቸር፣ ጸሐፊ ሁኚልን።»

«የምን ጸሐፊ?»

«የኳስ ክለብ።»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አዲስ ሊግ ተቋቁሟል አሉ፣ የደቡብ ምዕራብ ፕሮፌሽናል ሊግ። ስድስት ክለብ፦ ጂማ፣ አጋሮ፣ ሚዛን፣ ቴፒ፣ ማሻና እኛ። ተጫዋች ደመወዝተኛ ነው፣ እንደ መምህር! እሳቸው ፕሬዚዳንት ተደርገዋል። ኳስ አላውቅም አልኳቸው።

«እኔስ መቼ አውቃለሁ? ደብዳቤ ጻፊ እንጂ ኳስ ምቺ ማን አለሽ።»

እምቢ ልል አፌን ከፍቼ እሺ አልኩ። ለምን? እንጃ። ብቻ ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

የክለቡ ቢሮ የጋሽ ከሚል ሱቅ ጓሮ ነው። ጣውላ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ማኅተም። ማኅተሙን ስይዝ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ አይ እኔ!

አሠልጣኙ ወልደሥላሴ ይባላል፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ድሮ ተጫዋች ነበር፣ አሁን ጉልበቱን ያመዋል። ለሱ ሁሉም ነገር ሴት ነው። «ኳሷ»፣ «ሜዳዋ»፣ «ታኬታዋ»። ላርመው ዳዳኝና ተውኩት። የአዲስ አበባ ሰው ሲለው ስሕተት አይባልም መሰለኝ።

ሃያ ሁለት ተጫዋች መዘገብኩ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ስም?»

«ቢሻው።»

ቀና አልኩ። ረዝሟል፣ ትከሻው ሰፍቷል። አወቀኝ። እኔም አወቅሁት። ሁለታችንም እንዳልተዋወቀ ሰው ሆንን።

«የትምህርት ደረጃ?»

መሬት መሬት እያየ «ዘጠኝ… አልተጨረሰም» አለ።

አልተጨረሰም! አልጨረስኩም አላለም። 9ኛ ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ተጣመመብኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ቅዳሴ ቆሜ ልቤ ሌላ ቦታ። ይኸው ልጻፈውና ልገላገል።

1995 ነው። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመቴ። ስለ ተውላጠ ስም ነበር የማስተምረው፣ ይገርማል። ቢሻው ከኋላ ወንበር ተነሣና «አንተ ቲቸር፣ አልገባኝም፣ ድገም» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንተ! እኔን! እርስዎ ይቅርና አንቺ እንኳ ሳይለኝ! ፊቴ ጋለ። «ውጣ! ወላጅ ሳታመጣ እዚህ ክፍል እግርህ እንዳይረግጥ!» አልኩት።

ወጣ። አልተመለሰም። ሳምንት ጠበቅኩት። ወር ጠበቅኩት። ከዚያ በኋላ ረሳሁት… እውነት ረስቼው ነበር?

ያኔ ንቀት ነው ብዬ ነው። አሁንስ? አሁንም ትንሽ ንቀት ሳይኖርበት ይቀራል?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ማሊያው መጣ። ጉድ ነው! የክለባችን ስም ባርታ ነው፤ በፏፏቴያችን ስም። አዲስ አበባ ያለው አታሚ ቃሉን አያውቀው፣ «አንድ ፊደል ተሳስተዋል» ብሎ በራሱ አርሞት፣ ሃያ ሁለቱም ማሊያ ደረት ላይ «በርታ» ይላል።

ጮኽኩ። ይመለስ አልኩ። ጋሽ ከሚል ማሊያውን ዘርግተው ትንሽ አዩትና «ምን ክፋት አለው? ምርቃት አይደል?» አሉ። እሑድ ጨዋታ ነው። መቼ ደርሶ ይመለሳል?

የአርሞ አዳሪ አምላክ ሲቀጣኝ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ከማሻ ጋር፣ በሜዳችን። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ቦንጋ ውስጥ አላየሁም። በሁለተኛው አጋማሽ ጉሙ ወረደና በረኛው ጠፋን። ድምፁ ብቻ ይሰማል። እኛ አንድ፣ እነሱ አንድ። የእነሱን ጎል ያየ የለም፤ ዳኛው ገብቷል ስላለ ገብቷል።

ኮረሪማ ሻጮቹ ሴቶች ጎኔ ነበሩ። ማሊያውን አንዲት ተማሪ አንብባላቸው «በርቺ! በርቺ!» ብለው ሜዳ ላይ ያለውን ወንድ ሁሉ በሴት ያበረታታሉ። አንጀቴ እስኪታመም ሳቅሁ።

ቢሻው አምበል ሆኗል። አምበል ማለት የተጫዋቾቹ አለቃ ነው። ተከላካይ ነው፣ ኳስ ሲነጥቅ ሰው አይነካም፤ ኪስ የሚያወልቅ ሌባ ይመስል በቀስታ። አሠልጣኙ «ይቺ ልጅ የትም ትደርሳለች» አለኝ። ልጅ ያለው ቢሻውን ነው!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ልምምድ የለም። ዶሮዬ አላረረችም።

ሰኞ፣ ጥር 18

ትናንት አጋሮን በሜዳው ሁለት ለዜሮ አሸነፍን። መምህራን ክፍል ስገባ አጨበጨቡልኝ፤ ጎሉን እኔ ያገባሁ ይመስል። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ የፊዚክስ መምህሩን በጠመኔ አስረዳሁት። ይህን ዓመት ወድጄዋለሁ። ለምን እዋሻለሁ?

ቢሻው ብቻ… ከእኔ ጋር አንድ ቃል አይለዋወጥም። ሲያየኝ ኮፍያውን አንሥቶ ጎንበስ ይላል፣ ያልፋል። የፈለገውን በጋሽ ከሚል በኩል ያስጠይቀኛል። «ቢሻው ለእናቱ የሕክምና ደብዳቤ ይጻፍልኝ ይላል።» ጻፍኩ። ማኅተም መታሁ። በጋሽ ከሚል በኩል አመሰገነኝ።

ዓይን አፋር ነው ይላሉ። እኔ ግን አውቃለሁ። አፉን ቢከፍት «አንተ» ይወጣዋል ብሎ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 8

ዛሬስ ጉድ ሆንን።

ከቴፒ ጋር በሜዳችን። አንድ እኩል ነን። አሥር ደቂቃ ቀርቷል። የቴፒ ተከላካይ ኳሷን በእጁ መታ (እኔም ኳሷ ማለት ጀመርኩ!)፤ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ዳኛው ከመሀል አገር የመጣ፣ ቁመቱ መለል ያለ፣ ጢሙን የተከረከመ ሰው ነው። ጨዋታው ይቀጥል አለ። ቢሻው አምበል ነውና ወደ እሱ ሮጠ። ሜዳው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ፦

«አንቺ ዳኛ! አላየሽም እንዴ? እጅ ነው!»

ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ መምህሩ… ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ። የዳኛው ጆሮ ሲቀላ ሳይ ነው ሳቄ የቆመው። እጁ ኪሱ ገባ። ቀይ ካርድ።

ቢሻው ቆሞ ቀረ። አልገባውም። ዙሪያውን ያያል፣ ማን ምን አደረገ ብሎ። ከዚያ ማሊያውን አወለቀና ወጣ። ያን አወጣጥ አውቀዋለሁ። አንገቱን እንዲህ ቀልሶ ነበር ከክፍሌ የወጣው።

ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ማን ግድ አለው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

የሊጉ ደብዳቤ ደረሰ። «ዋና ዳኛን በሴት ጾታ በመጥራት ክብረ ነክ ስድብ ስለ ሰነዘረ»… አንድ ዓመት እገዳ። ጂማ ላይ ይግባኝ ማለት ይቻላል። በውሉ መሠረት ደግሞ የታገደ ተጫዋች ከክለቡ ይሰናበታል። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በጥሩ አማርኛ።

ጋሽ ከሚል እጃቸውን እያፋተጉ፣ «አላለም ብለሽ ጻፊ።»

«ጋሽ ከሚል፣ ከተማው በሙሉ ሰምቶ?»

«ቴፕ የያዘ አለ?»

«አልዋሽም።»

«ታዲያ ብሏል ብለሽ ልጁን ልትሸኚው ነው?»

 ወረቀት አውጥቼ እስከ ማታ ባዶውን አየሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ከትምህርት መልስ የቢሻው እናት ቤት ሄድኩ። ወይዘሮ ብርቄ። ከገበያው በታች፣ እንሰቱ መሀል። ስምንት ዓመት በዚያ በር አልፌ አንኳኩቼ አላውቅም።

«አንተ ቲቸር ነህ! ግባ፣ ግባ፣ ዝናብ መታህ!» አሉኝ። ያለችውን አንዲት ወንበር ለእኔ አወጡ፣ ቆጮና ማር አቀረቡ። እጄን ካላጠብኩሽ ብለው ማስታጠቢያውን ያዙ። ማለቴ፣ ካላጠብኩህ ብለው።

ቢሻው የለም። ሁለት ቀን ልምምድም አልሄደም፣ ጫካ ቀፎ ሊያይ ወጥቷል። «አልበላችም» አሉ። «ቢሻው ከእሑድ ጀምሮ አልበላችም። ምን አጠፋች?»

እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩና መጨረሻ ላይ ወጣኝ። ያኔም እኔ እንዳባረርኩት። ወላጅ አምጣ እንዳልኩት። ለካ አያውቁም! ስድስት ዓመት ሙሉ አያውቁም።

«ትምህርት ጠላሁ ነው ያለችኝ።» ማሩን ወደ እኔ አስጠጉ። «ወላጅ አምጣ ብለህ ነበር? እኔ እመጣ ነበር እኮ። ሩቅ ነው እንዴ?»

የያዝኩትን ማር መልሼ አስቀመጥኩ።

እኚህ ሴት አንተ እያሉ ነው እጄን ያስታጠቡኝ። አንተ እያሉ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ይሄ ንቀት ነው? ደነዝ ነኝ እንጂ! ጠየቅኋቸው፤ በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኩ።

«በእናንተ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ለወንድ አንተ ለማለት እንዴት ነው?»

ነገሩኝ።

«ለሴትስ?»

«እሱው ነው።»

«ለእኔስ?»

«እሱው ነው! አንተ ሰው አይደለህም?»

ዓርብ፣ የካቲት 13

ይግባኙን ጻፍኩ። ሰባት ጊዜ ቀደድኩ። «ብሏል» ብዬ ጀመርኩ። ቋንቋው ለአንተና ለአንቺ አንድ ቃል እንዳለው። አማርኛ የተማረው በጆሮው እንደሆነ። ኋላም ያላሰብኩትን አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፣ ስለ ራሴ። ጋሽ ከሚል አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄንንስ ባትጽፊው? መምህርት ነሽ፣ ስም አለሽ።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ሲሉ አልሰሙም?»

ማኅተሙን ራሳቸው መቱት።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ጂማ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተን። ጋሽ ከሚል፣ ቢሻውና እኔ። ቢሻው ከኋላ ወንበር ላይ፣ ነጭ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎ።

ሦስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ። ሰብሳቢው ደብዳቤዬን በእርሳስ እየነካካ፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፣ ወይዘሮ የወርቅውሃ።»

«ወይዘሪት» አልኩት። ሁሉም ሰው ስሕተት ይሠራል።

ቢሻውን አስነሡት። «ዳኛውን ለምን አንቺ አልከው?»

ላቡ ወረደ። ቃል መረጠ። «ዳኛ ትልቅ ሰው ነች» አለ። «መሳደብ አልፈልግም።»

 ሰብሳቢው ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከቀኝ ያለው ሰውዬ ወደ መስኮት ዞረ። ቢሻው ሳቁን አይቶ አንገቱን ሲቀልስ… አልቻልኩም። ሳይፈቀድልኝ ተነሣሁ።

«ሪፖርታችሁ ‹ኳሷ የተከላካዩን እጅ አልነካችም› ይላል። ኳስ ሴት ናት ያለው ማነው? በአንቺ መጠራት ስድብ ከሆነ መጀመሪያ የተሰደበችው ኳስ ናት!» ወደ ቢሻው ጠቆምኩ። «ይህን ልጅ በዚሁ ዓይነት ቃል ያባረርኩት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። አንተ አለኝ፣ ክፍሉ ሳቀብኝ፣ አስወጣሁት። ያናደደኝ ቃሉ አልነበረም፤ ሳቁ ነው። ዳኛውንም ያናደደው ሳቁ ነው። የሳቅነው ደግሞ እኛ ነን፣ እኔም አለሁበት። ስለዚህ የሚታገድ ካለ የሳቀ ይታገድ።»

ተቀመጥኩ።  ጋሽ ከሚል ቀስ ብለው ጆሮዬ ላይ «ያ አላህ» አሉ።

መልሱን በደብዳቤ እናሳውቃለን ተባልን።

ስንመለስ ቢሻው ከኋላ ተነሥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።  ከዚያ መስኮቱን እያየ፣ «ያን ቀን… ምን መባል ነበረበት?»

ወንድና ሴት የማይለይ ቃል አማርኛ አለው ወይ ማለቱ ነው። አሰብኩ። አለ እኮ! «እርስዎ» አልኩት። «እርስዎ ወንድ ሴት የለውም። ለትልቅ ሰው ሁሉ ይሆናል። አይሳሳቱበትም።»

በአፉ ውስጥ ደጋገመው። ከዚያ ዞር ብሎ በዓይኔ አየኝ።

«እርስዎ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

አለቀስኩ። አውቶብሱ ውስጥ፣ ሰው ፊት። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊነካ ሲል ያዝኩት። እስከ ቦንጋ ከአጠገቤ አልተነሣም።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

እሰይ! እሰይ! ስድብ አይደለም ተባለ። «ከዳኛ ጋር አላግባብ በመነጋገር» ሁለት ጨዋታ ብቻ። አንዱን አሳልፎታል። እስከ ትናንት ጾሜን የፈታሁት በሥጋት ነበር፤ ዛሬ ሽሮዬ ጣፈጠኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

አሠልጣኙ ጠራኝና ሜዳ ላይ ሃያ ሁለቱንም አሰልፎ «አስተምሪያቸው» አለ። በዝናብ። ጥቁር ሰሌዳ የለ፣ ጠመኔ የለ።

«ለዳኛ ምን ትላላችሁ?»

«እርስዎ!»

«ለመስመር ዳኛ?»

«እርስዎ!»

በረኛው እጁን አወጣ። «ለኳስስ?»

ኳስን እንደፈለጋችሁ አልኳቸው።

እሑድ፣ መጋቢት 20

ቢሻው ተመለሰ። ሚዛንን አንድ ለዜሮ። በሰባኛው ደቂቃ ዳኛው ጥፋት ሲያልፍብን፣ ቢሻው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀረበ። ሜዳው እስትንፋሱን ያዘ። «ይቅርታ፣ እርስዎ አላዩም ይሆን?» ዳኛው ግራ ገብቶት ቆመ። እኔማ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ወደ ሚዛን ለነገው ጨዋታ ስንሄድ ሺሺንዳ ስንደርስ አውቶብሳችን ጭቃ ውስጥ ገባ። አራት ሰዓት ተቀመጥን። ተጫዋቾቹ ሲገፉ «በርታ» የሚለው ደረታቸው በሙሉ ጭቃ ሆነ። አንዲት ሻይ ቤት ያላት ልጅ፣ ትሁት ትባላለች፣ ቅርንጫፍ እየቆረጠች ከጎማው ሥር ስታነጥፍ ነበር። ቢሻው ከሷ ጋር አብሮ ያነጥፋል። አውቶብሱ ከወጣ በኋላም ያነጥፍ ነበር።

ጋሽ ከሚል ጠቀሱኝ። አየሁ፣ አየሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 7

የመጨረሻው ጨዋታ። ከጂማ ጋር አቻ። ከስድስት አራተኛ ወጣን።

ግን ዋንጫ አለን! የሊጉ ሰዎች ማይክ ይዘው «የዓመቱ የፀባይ ዋንጫ ተሸላሚ… ባርታ ቦንጋ!» ሲሉ መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው። ከዚያ ጭብጨባ። ከቢሻው በኋላ አንድ ካርድ አላየንም። የዳኞች ሪፖርት «ዳኛን እርስዎ የሚል ብቸኛ ክለብ» ይላል። ሰው በመሳደብ የተከሰሰ አምበል የፀባይ ዋንጫ ተቀበለ። ለእኔ አቀበለኝ፤ «እርስዎ ይያዙት» ብሎ። ዋንጫው ከሽሮ ድስቴ ያንሳል። ክብደቱን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

ሊጉ ፈረሰ። በክረምት መንገዱ ስለማያስኬድ ማሻና ቴፒ ወጥተዋል፤ በአራት ክለብ ሊግ አይባልም። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው፣ አንድ ስሕተት አለበት፣ አላረምኩትም። አሠልጣኝ ወልደሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ስንሰነባበት «ቦንጋ ጥሩ አገር ናት» አለኝ። ቡድናችን ከእንግዲህ እሑድ እሑድ በራሱ ይጫወታል፣ ያለ ደመወዝ፣ በዚያው ማሊያ።

አንድ የውድድር ዓመት። ከኅዳር እስከ ሐምሌ። ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም። ለምን አላዘንኩም?

ማክሰኞ፣ መስከረም 12 ቀን 2002

ቢሻው ቀን ጋሽ ከሚል ሱቅ ይሠራል። ለማታው ትምህርት ተመዘገበ፤ ዘጠነኛ ክፍል። የእኔ ክፍል አልደረሰውም። ተመስገን፣ ለሁለታችንም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 6

ጋሽ ከሚል እየሳቁ መጡ፤ ወንበር ላይ ሳይቀመጡ ጀመሩት።

«ቢሻው ትሁትን ሊያገባ ነው። እኔና አጎቱ ለሽምግልና ሺሺንዳ እንሄዳለን። ሦስተኛ ሽማግሌ ይጎድለናል።»

«ታዲያ?»

«አንቺን ብሏል።»

«ሴት ሽማግሌ የት አገር አለ?»

«እኔም እሱን ነው ያልኩት። ‹የተናገረልኝ እሱ ነው፣ እሱ ይሂድልኝ› አለ። እሱ ያለው አንቺን ነው።»

ወይዘሮ ብርቄ ጋ ሮጥኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር በካፊኖኖ አስጠኑኝ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጣን፣ የሚል ነው። ከምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ ደጋገምኩ። ሲያርሙኝ ሃምሳ ጊዜ ሳቁ። ቀይ እስክሪብቶ የላቸውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 8

ሺሺንዳ። እንደ ደንቡ በር ላይ ቆምን፤ ተቀመጡ ሳንባል አንቀመጥም። ቤቱ ሞልቷል። የትሁት አባት፣ አክስቶች፣ ጎረቤት። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው፤ ባለ ነጠላዋን ሽማግሌ።

«ከእናንተ ተናጋሪው ማነው?» አሉ አባትዬው።

ጋሽ ከሚል ወደ እኔ አመለከቱ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። እንዲህ ነበር ለካ። በሰው ቋንቋ፣ በሰው ፊት፣ አንድ ቃል እንዳታመልጥ ፈርቶ መቆም እንዲህ ነው!

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አወጣሁ። ሁለተኛውን አወጣሁ። ሦስተኛው ላይ አንድ ቃል ዘለልኩ መሰለኝ፣ ወይም ቦታውን አዛነፍኩት። ቤቱ በሳቅ አወካ። አክስቶቹ ተደጋገፉ። የቢሻው አጎት ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ ለልጃችን ሳይሆን ለእኔ ልጃችሁን ስጡኝ ብዬአለሁ! ለራሴ ሚስት ጠይቄ አረፍኩት።

ፊቴ ጋለ። ያ የድሮው ሙቀት። ቆምኩ፣ አንገቴን ልቀልስ ስል አባትዬው ከወንበራቸው ተነሡ። እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ፣ የተነሡበትን ወንበር ወደ እኔ ገፉት።

«ተቀመጥ፣ እትዬ» አሉኝ። «ድገም።»

ተቀመጥኩ። ደገምኩ።